የደብተር ገበና

እኛ ጸሐፊ ነን ባዮች በመድረክ ስንጠየቅ ስለ ንባብ፣ ስለ ሌሊት ሥራ፣ ስለ ሻይና ቡና እናወራለን። ስለ መሳቢያችን የሚጠይቀን የለም፤ ቢጠይቀንም አንመልስም። የምኖርባት ሮቢት ከአዲስ አበባ ራቅ ስለምትል እኔ ከዚህ ሆኜ ሹክ ብላችሁ የሚሰማብኝ አይኖርም። አብዛኞቻችን ደብተር እንገዛለን እንጂ አንጽፍበትም።

ጸሐፊ ቤት ከገባችሁ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አትፍዘዙ፤ እሱ ለእንግዳ የተዘጋጀ ነው። ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ልባሰ ጠንካራው ሲናርላይን ደብተር፣ ባንክ ለአዲስ ዓመት ያደለው አጀንዳ፣ ከዐውደ ጥናት የመጣ አርማ ያለበት ማስታወሻ፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣው በላስቲክ የሚታሰር ጥቁር ደብተር ተደርድረዋል። ግማሾቹ ሦስት ገጽ ላይ ቆመዋል። የሦስቱ ገጾች ይዘትም ከቤት ቤት አይለይም። አንደኛው ላይ ስምና ቀን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ ሁለተኛው ላይ «ከዛሬ ጀምሮ ሳላቋርጥ እጽፋለሁ» የሚል ስለት፣ ሦስተኛው ላይ የአንድ ቧንቧ ሠራተኛ ስልክ ቁጥር።

አጀንዳን በተለይ ተጠንቀቁት። ነጻ ስለሆነ ደስ ይላል፤ ግን ቀን ታትሞበታል። ጥቅምት 12ን ባዶ ያለፈ ሰው ጥቅምት 13ን ሲገልጥ ያለፈው ገጽ ያፈጥበታል። እስከ ኅዳር ድረስ አንድ ሳምንት ሙሉ ባዶ ይሆናል፤ ከዚያ አጀንዳው ለእድሩ ጸሐፊ ይሰጣል። እሱ ቀን ሳይመርጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሞላዋል። ከኛ ሁሉ የተሻለ ደራሲ እሱ ነው የምለው በቀልድ አይደለም።

የጥቁሩ ደብተር ወሬ ደግሞ ይለያል። ሞለስኪን ይባላል፤ «ሄሚንግዌይና ፒካሶ የተገለገሉበት» የሚል ዝና አለው። ሄሚንግዌይ የሞተው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፒካሶ በ1973። በዚህ ስም የሚሸጠው ደብተር ከሚላን ለገበያ የወጣው በ1997 ነው። ሟቾቹ ተመሳሳይ ጥቁር ደብተር ይዘው ይሆናል እንጂ ይሄኛውን አላዩትም። ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው ተጓዥ ብሩስ ቻትዊን ነው፤ በ1987 ባሳተመው መጽሐፉ ፈረንሳይ ቱር ከተማ የነበረው ደብተር ሠሪ ስለ መሞቱ እያዘነ ጻፈ። ደብተር እንዳያልቅበት የሰጋ ሰው ሐዘን ነው እንግዲህ የንግድ ምልክት የሆነው። እኛም በውድ ገንዘብ የምንገዛው ያንኑ ስጋት ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰው ልምጣ። ገጣሚ ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ወደ አማርኛ መለሰ። በ1936 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ልብ ወለድ ከአንድ ሺህ ገጽ የማያንስ ድልብ መጽሐፍ ነው። እስር ቤት ደብተር አልነበረም፤ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ቁርጥራጩ 3,000 ገደማ ሆነ። የሚፈቱ እስረኞች እየደበቁ አወጡለት፤ እሱም ከተፈታ በኋላ እየለቃቀመ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ አሳተመው። በኋላ የአዲስ አድማስ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ ብዙዎቻችንን አስነበበን፤ በ2016 ዓ.ም. አረፈ። ይህን ታሪክ ጸሐፊዎች ስናወራው ስለ ጽናት እናወራለን። በየልባችን የምናስበው ግን ሌላ ነው፤ በዚያች ብጣሽ ላይ የሚጽፍ ሰው «ይህ ዐረፍተ ነገር ለዚህ ወረቀት ይመጥናል ወይ?» ብሎ አይጨነቅም። መሳቢያችን ያለው ውብ ወረቀት ግን ይህን ነው የሚጠይቀን።

ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ሱቁ ውስጥ የምታገኙት የተማሪ ደብተር ነው፤ ባለ 50 ሉክ፣ አንዳንዱም ከኋላው የማባዣ ሠንጠረዥ የታተመበት። እኔ ስገዛ ባለሱቋ ታየኛለች።

«ያለፈውን ጨረስከው እንዴ ልጄ?»

«አልጨረስኩም እትዬ።»

«ታዲያ ይሄን ምን ልታደርገው ነው?»

መልስ የለኝም። እሷ ራሷ ያላት አንድ ነው፤ ልባሱ የተገነጠለ የዱቤ ደብተር። ስም አትጽፍበትም፤ «ባጃጁ»፣ «የላይኛዋ ሙሽራ»፣ «የጋሪው ልጅ» ትላለች። ዘይት፣ ሳሙና፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር፤ አጠገቡ «ማሽላ ሲገባ»። ማሽላው ገብቶ የተከፈለው ይሰረዛል፤ ዝናብ አጥሮ ማሽላው የቀረበት ዓመት ሳይሰረዝ ወደሚቀጥለው ገጽ ይሻገራል። ማን እንዳገባ፣ ማን ልጅ እንደወለደ፣ ማን አረብ አገር ልጁን ልኮ መክፈል እንደጀመረ ከዚያ ይነበባል። በቅናት የማየው ብቸኛ ደብተር ነው። እያንዳንዱን መስመር የሚጠብቅ ሰው አለ፤ የኔን የሚጠብቅ የለም።

ገበሬው ቤት ያለው ደግሞ የይዞታ ደብተር ነው። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ሲመዘገብ ለባለይዞታው የተሰጠ፣ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን የሚለጠፍበት። እንኳን ሊጽፍበት፣ ሳያስፈልግ አይከፍተውም፤ በላስቲክ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ያኖረዋል። ደብተር ማስቀመጥን የተማርነው ከዚህ ሰው ይመስለኛል፤ ልዩነቱ የሱ ውስጥ መሬት መኖሩ ነው።

የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ክረምት ቆቦና ሮቢት ሲደርስ ወረቀት ለማንሳት ጊዜ ያገኘ ሰው ጥቂት ነበር፤ በ2014 ክረምትም ተደገመ። ከዚያ ወዲህ እኔ የተጻፈበትን ገጽ በስልክ ፎቶ አነሳለሁ፤ ደብተሮቼም አንድ ቤት አያድሩም። የገበያ ቀን አማርኛው፣ ትግርኛው፣ ኦሮምኛውና አፋርኛው ተቀላቅሎ ሲሰማ የምለቅማትን አንዲት ቃል ካጣኋት ማንም መልሶ አይሰጠኝም።

ባልደረቦቼ የማይነግሯችሁን ዘዴም ልንገራችሁ። አዲስ ደብተር ስትገዙ የመጀመሪያውን ገጽ አበላሹት፤ የሽንኩርትና የበርበሬ ዋጋ ጻፉበት፣ ወይም ልጅ ይሞነጫጭርበት። ከዚያ በኋላ አይፈራም። እኔ የምጽፈው ከመካከል ጀምሬ ነው፤ በሁለቱም በኩል ወደ ዳር እሄዳለሁ። ሲታይ ያስቃል፣ የሚወጣው ግን ሥራ ነው።

ውብ ውቦቹን ምን አደረግሃቸው ብትሉኝ፣ ለጸሐፊ ወዳጆቼ በስጦታ እበትናቸዋለሁ። ሁሉም ዓይናቸው በርቶ ይቀበላሉ። አንደኛው ለልደቴ ደብተር ይዞልኝ መጣ፤ ጥቁር፣ በላስቲክ የሚታሰር፣ እኔው ከዓመታት በፊት የሰጠሁት። ማሸጊያው እንኳ አልተቀደደም።