የፍሬን ካሊፐር የዱቄት ቅብ

የፍሬን ካሊፐር የዱቄት ቅብ የመኪናን ፍሬን ካሊፐር በደረቅ የቀለም ዱቄት ሸፍኖ በሙቀት በማብሰል ከዝገት የመከላከያና መልኩን የማሳመሪያ ዘዴ ነው። ካሊፐር በዲስክ ፍሬን ላይ የፍሬን ሸራዎችን የሚይዝና በፍሬን ዘይት ግፊት ከዲስኩ ጋር የሚያጣብቅ ክፍል ነው። ቅቡ በፋብሪካ በትላልቅ መሣሪያዎች ይሠራል፤ በአነስተኛ መርጫና በኤሌክትሪክ ምድጃ ደግሞ በቤትም ሊሠራ ይችላል። ካሊፐሩ መኪናውን የሚያቆም ክፍል ስለሆነ ወጪ መቀነስ የሚቻለው በመሣሪያው ላይ እንጂ በመፍታት፣ በማጽዳትና መልሶ በመግጠም ላይ አይደለም።

ታሪክ

የዱቄት ቅብ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጀርመን ኤርቪን ጌመር ባዳበረው ዘዴ ተስፋፋ። በዚህ ዘዴ የሞቀ ብረት በአየር ግፊት በሚንሳፈፍ የፕላስቲክ ዱቄት ውስጥ ይነከር ነበር። በ1960ዎቹ ዱቄቱን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚረጨው ዘዴ ተጨመረ። ዛሬ የአሉሚኒየም መስኮቶች፣ የብስክሌት አካላትና የቤት ዕቃዎች በዚሁ መንገድ ይቀባሉ።

የአሠራሩ መርህ

መርጫው ለዱቄቱ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይሰጠዋል። የፋብሪካ መርጫዎች እስከ 100,000 ቮልት ይጠቀማሉ፤ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ግን እጅግ አነስተኛ ነው። የሚቀባው ብረት ከመሬት ጋር በሽቦ ስለሚያያዝ ዱቄቱ ወደ እርሱ ተስቦ ይጣበቃል። ሆኖም የኤሌክትሪክ መስኩ ወደ ጥልቅ ማዕዘኖች በደንብ አይገባም፤ ይህም የፋራዳይ ኬጅ ውጤት ይባላል። ካሊፐር ብዙ ጎድጓዳ ቦታ ስላለው በነዚህ ቦታዎች ቅቡ ሊሳሳ ይችላል።

ብረቱ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ዱቄቱ ይቀልጣል፣ ይዘረጋል፣ ከዚያም ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። የተቀቀለ እንቁላል ተመልሶ ፈሳሽ እንደማይሆን ሁሉ፣ በዚህ መንገድ የጠነከረ ቅብም ዳግመኛ አይቀልጥም። ለካሊፐር በብዛት የሚመረጠው የፖሊስተር ዱቄት ነው፤ የኢፖክሲ ዱቄት ግን በፀሐይ ብርሃን መልኩ ይደበዝዛል።

መሣሪያና ወጪ

ለቤት ሥራ አነስተኛ የዱቄት መርጫ፣ ደረቅ አየር የሚሰጥ ኮምፕረሰር፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የሙቀት መለኪያ፣ ሙቀት የሚችል ማጣበቂያ ቴፕና የሲሊኮን ውታፍ ያስፈልጋሉ። ያገለገለ ምድጃ ወጪውን ይቀንሳል፤ ነገር ግን አንዴ ለቅብ የዋለ ምድጃ ምግብ ሊበስልበት አይገባም። በጋዝ የሚነድ ምድጃ እሳቱ ዱቄቱን ሊያቀጣጥል ስለሚችል አይሆንም።

መሣሪያ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ክፍሉን ራሱ ፈትቶና አጽድቶ ማስቀባቱን ብቻ ለቅብ ቤት መስጠት ይችላል። ሌላው አማራጭ ሙቀት የሚችል የካሊፐር ቀለም በብሩሽ መቀባት ነው፤ ይህ ምድጃ አይፈልግም፣ ጥንካሬው ግን ያነሰ ነው።

ቅደም ተከተል

መፍታት፦ ፒስቶኑ፣ ጎሚኒዎቹ፣ ተንሸራታች ፒኖቹና የአየር ማስወጫው ቡሎን ይወጣሉ። ጎሚኒ የምድጃውን ሙቀት አይችልም፤ ውስጥ የቀረ የፍሬን ዘይትም ሲሞቅ እየጨሰ ቅቡን ያበላሻል። ከሁለት ግማሽ የተሠራ ካሊፐር አምራቹ ካልፈቀደ በስተቀር አይከፈልም።

ማጽዳት፦ ቅባቱ ታጥቦ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ወይም በአሸዋ ርጭት ይነሳል። የአሮጌ መኪና የፍሬን አቧራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በአየር አይነፋም፤ ረጥቦ ይጠረጋል። ክሎሪን ያለው ማጽጃ ሲግል መርዛማ ጋዝ ሊፈጥር ስለሚችል ወደ ምድጃ ለሚገባ ክፍል አይመረጥም።

ቅድመ ማሞቅ፦ ቀልጦ በቅርጽ የተሠራ ብረት በቀዳዳዎቹ ዘይትና አየር ይይዛል። ከመቀባቱ በፊት ባዶውን ካልሞቀ ቅቡ ላይ ትናንሽ አረፋዎች ይወጣሉ።

መሸፈን፦ ፒስቶኑ የሚገባበት ቀዳዳ፣ የፒን ቀዳዳዎች፣ የቡሎን ጥርሶች፣ ሸራው የሚንሸራተትበት ቦታና የፍሬን ቱቦው የሚያርፍበት ገጽ አይቀቡም። ከ0.1 ሚሊሜትር ያልበለጠ ውፍረት እንኳ ሸራውን ሊያጣብቅ ይችላል። በቡሎን ሥር የቀረ ቅብ ደግሞ ቀስ በቀስ ተጨፍልቆ ቡሎኑን ያላላል።

ማብሰል፦ የተለመደው መመሪያ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ 10 ደቂቃ ነው፤ የእያንዳንዱ ዱቄት ትክክለኛ ልክ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። ሰዓቱ የሚቆጠረው የምድጃው አየር ሳይሆን ብረቱ ራሱ ያን ሙቀት ከደረሰ በኋላ ነው። ካሊፐር ወፍራም ስለሆነ ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል። ቀድሞ የወጣ ቅብ ያማረ ቢመስልም በቀላሉ ይላጣል። የአሉሚኒየም ካሊፐር ከመጠን በላይ ወይም ለረዥም ጊዜ ከሞቀ ጥንካሬው ሊቀንስ ይችላል።

መግጠም፦ አዲስ ጎሚኒና አዲስ የመዳብ ማኅተም ቀለበት ይገባል፤ ቡሎኖቹ አምራቹ ባዘዘው ልክ ይጠብቃሉ፤ ከዚያም ከዘይቱ መስመር አየሩ በሙሉ ይወጣል። አየር ስለሚታመቅ በመስመሩ ውስጥ ከቀረ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ፍሬኑም ይደክማል።

አደጋዎች

በአየር ላይ የተበተነ ዱቄት በብልጭታ ሊፈነዳ ስለሚችል ቦታው አየር የሚገባበትና ከእሳት የራቀ መሆን አለበት። የሚሠራው ሰው የአቧራ መከላከያ ጭምብልና መነጽር ማድረግ አለበት። መኪናው በክሪክ ብቻ ተነስቶ አይሠራበትም፤ በጽኑ መደገፊያ ላይ ያርፋል።

የቅቡ ገደብ

ዲስኩና ሸራው በሰበቃ ስለሚሠሩ የሰበቃ ገጻቸው ፈጽሞ አይቀባም። ተራ የፖሊስተር ቅብ ለዕለታዊ አነዳድ ይበቃል፤ በውድድር ወይም በረዥም ቁልቁለት ፍሬኑ በጣም ሲግል ግን ቀለሙ ሊለወጥ ይችላል። ቅቡ ያረጀ ካሊፐርን አያድስም፤ የተሰነጠቀ ወይም የፒስቶን ቀዳዳው በዝገት የተበላ ካሊፐር ከመቀባት ይልቅ ይቀየራል። ሥራው ተጠናቀቀ የሚባለው ቀለሙ ሲያበራ ሳይሆን ፔዳሉ ጠንክሮ፣ ዘይት የማያፈስ መሆኑ ታይቶ፣ መኪናው በዝግታ ተነድቶ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው።