ለጣሪያው ሲሉ ወገብዎን እንዳያጡ

ክረምት ከመግባቱ በፊት ጣሪያ የሚያስጠግነውና ቆርቆሮ የሚቀይረው ሰው ብዙ ነው። ሥራው በአብዛኛው የሚከናወነው በጉልበት ነው። ሲሚንቶ በትከሻ፣ አሸዋ በባልዲ ተሸክሞ በመሰላል መውጣት የተለመደ ነው። ይህ ልማድ ግን ለወገብም ለሕይወትም አደገኛ ነው።

አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በሥራ ላይ ጤና ባለሙያዎች ዘንድ በስፋት የሚታወቀው የአሜሪካ መመሪያ፣ ሁኔታው ሁሉ ምቹ በሆነበት ቦታ እንኳ አንድ ሰው በእጁ እንዲያነሳ የሚመክረው እስከ 23 ኪሎ ግራም ነው። ጎንበስና ጠምዘዝ ብለው ሸክም ሲያነሱ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ባለው ዲስክ ላይ ጫናው ይበዛል። ዲስኩ ከቦታው ተንሸራቶ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ሊጫን ይችላል።

መሰላል ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በሚወጡበት ጊዜ ሁለት እግርና አንድ እጅ፣ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር ምንጊዜም ከመሰላሉ መለየት የለባቸውም። ሸክም የያዘ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ዋናው ምክር፡- ሰው በመሰላል ይውጣ፤ ዕቃው በገመድ ይውጣ።

እንዴት? በመጀመሪያ ሸክሙን ያሳንሱ። ሲሚንቶና አሸዋውን ምድር ላይ በባልዲ ግማሽ በግማሽ ይከፋፍሉት። ገመዱን በጠንካራ መወጣጫ ላይ በታሰረ ፑሊ አሳልፈው ከታች ይሳቡ፤ ከጣሪያ ጠርዝ ላይ አጎንብሶ መሳብ ለመውደቅ ይዳርጋል። የሚስበው ሰው ከሸክሙ ሥር ሳይሆን ራቅ ብሎ ወደ ጎን ይቁም፤ ከሥር ማንም አይለፍ። አስተሳሰሩን ሳይቸኩሉ ይፈትሹ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ቆርቆሮ ነፋስ ባለበት ቀን አያውጡ፤ ጓንት ያድርጉ፤ ከኤሌክትሪክ ሽቦም ይራቁ። ጣሪያው ላይ የወጣውን ዕቃ አንድ ቦታ አይከምሩ። መሰላሉ የሚደገፍበት ቦታ 4 ሜትር ከፍታ ካለው፣ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ፤ ጫፉም ከጣሪያው ጠርዝ 1 ሜትር ያህል ይለፍ።

አሠሪ ከሆኑ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ እንደሚጥል ያስታውሱ። ሄልሜትና ጓንት ችሮታ አይደሉም።

ሰው ከወደቀ አያንሱት፣ አያስቀምጡት፣ ውሃም አይስጡት። አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ ማንቀሳቀሱ ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ጭንቅላቱና አንገቱ እንዳይንቀሳቀሱ ይዘው በ907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ።

ሸክም ካነሱ በኋላ ወገብዎን ካመመዎ ለብዙ ቀናት ከመተኛት ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ይሻላል። ነገር ግን እግርዎ ከዛለ፣ በጭኖችዎ መካከል ከደነዘዘዎ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎ ለነገ ሳይሉ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። የተጫነው ነርቭ በጊዜ ካልታከመ ጉዳቱ ቋሚ ሊሆን ይችላል።