ድመቶችን ከአትክልት ስፍራ ለማራቅ መርዝም ሚጥሚጣም አያስፈልግም

በዱባይ፣ በሻርጃና በአቡ ዳቢ የቪላ ሰፈሮች ድመቶች ሌሊት ያደረሱትን ጉዳት ጠዋት ቀድሞ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ባለቤት ሳይሆን ግቢውን የሚጠርገው ወይም አትክልቱን የሚያጠጣው ሠራተኛ ነው። ትናንት የተተከለው ችግኝ ተነቅሏል፣ አፈሩ ተጭሯል፣ ከአበባው ሥር ደግሞ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ አለ። ችግሩን በቶሎ ለመገላገል ሲባል በእጅ የተገኘውን ሁሉ መርጨት የተለመደ ነው። ከእነዚህ መፍትሔዎች አንዳንዶቹ ግን ድመቷን ከመጉዳታቸውም በላይ የረጨውን ሰው ለአደጋ ያጋልጣሉ።

የቤት ድመት የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከመካከለኛው ምሥራቅና ከሰሜን አፍሪካ የዱር ድመት ነው። ስለዚህ የአካባቢው ደረቅ አየር በቀላሉ አያባርራትም። የበጋው ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲወጣ ግን የቁጥቋጦ ጥላ፣ ከአየር ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠብ ውሃና ከበር ውጭ ያደረ የምግብ ትራፊ ይስቧታል። ከሁሉም በላይ የምትፈልገው ጭራ የምትሸፍነው ደረቅና ልል አፈር ነው። አንድ ጊዜ የተጠቀመችበትን ቦታ የራሷ ሽታ መልሶ ያስታውሳታል፤ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

በመሆኑም ሥራው የሚጀመረው ከቆሻሻ መጣያው ነው። የዓሣና የዶሮ ትራፊ በፌስታል ታስሮ በር ላይ ማደር የለበትም፤ ክዳኑ በሚገባ በሚገጥም በርሜል ውስጥ ይግባ። ከዚያ ተራው የአፈሩ ነው። ባዶ መደብ ለድመት የተዘጋጀ መጸዳጃ ማለት ነው። የዶሮ ሽቦ አፈሩ ላይ አንጥፎ ችግኞቹን በቀዳዳዎቹ መካከል ማሳደግ፣ ወይም ባዶውን ቦታ በሻካራ ጠጠር መሸፈን፣ ከማንኛውም ሽታ ይልቅ አስተማማኝ ነው። ከተከረከመ ቁጥቋጦ የተገኘ ጭራሮ በችግኞች መካከል መጋደም ይችላል። የቴምር ዝንጣፊ ግን ግርጌው ላይ ያለው እሾህ የአትክልተኛውንም እጅ ስለሚወጋ አይመረጥም። ልጆች የሚጫወቱበት አሸዋ ካለ ማታ ማታ መሸፈን አለበት።

የቆየውን ሽታ ለማጥፋት ቦታውን በሳሙናና በብዙ ውሃ ማጠብ ይበቃል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ የሽንት ሽታን ስለሚመስል ድመቷን ሊጋብዛት ይችላል። በረኪና በሽንት ላይ ማፍሰስ ደግሞ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ያስነሣል፤ በተለይ በጠባብና አየር በማይዘዋወርበት ቦታ ይህ ለሠራተኛው አደገኛ ነው።

እንቅስቃሴ ሲያዩ ውሃ የሚረጩ መሣሪያዎች ጥሩ ውጤት አላቸው፤ ድመት ድንገተኛ ውሃ አትወድምና። የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ የሚያወጡት ደግሞ በከፊል ይረዳሉ። በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት መሣሪያዎቹ የድመቶችን መግባት በ46 በመቶ፣ በግቢው የሚቆዩበትን ጊዜ ደግሞ በ78 በመቶ መቀነሳቸውን አሳይቷል። ቅነሳው ትንሽ ባይሆንም ችግሩን ጨርሶ አያስቀርም።

የብርቱካን ልጣጭ ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን በባሕረ ሰላጤው ፀሐይ ቶሎ ደርቆ ሽታው ይጠፋል። ኢትዮጵያውያን ለቡና የሚያውቁት ጤና አዳምም ድመትን ያርቃል ይባላል። ሆኖም ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ቃጠሎ ስለሚያስከትል ያለ ጓንት አይነካም። ሚጥሚጣ መበተን የእንስሳውን ዓይንና መዳፍ ያቃጥላል፤ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ወደ ልጆች ዓይን ይሄዳል። ለልብስ ብል መከላከያ የሚሸጠው ናፍታሊን ለድመትም፣ ከረሜላ መስሎት ለሚያነሣ ሕፃንም መርዝ ነው። ውሃ ሲነካቸው ወደ ነጭነት የሚለወጡ ፀረ ጀርም ፈሳሾችም ብዙዎቹ ድመትን ይመርዛሉ። በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ እንስሳትን ማሠቃየት በወንጀል ያስጠይቃል፤ መሠረቱም እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የእንስሳት ደኅንነት የፌዴራል ሕግ ቁጥር 16 ነው። «አሠሪዬ አዘዘኝ» ማለት ብቻውን ሠራተኛውን ነፃ አያወጣውም።

የጤናው ጉዳይ ጥንቃቄ የሚሻ ቢሆንም ለድንጋጤ አያበቃም። ቶክሶፕላዝሞሲስ የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፤ ወደ ሰው ለመተላለፍ የሚችለው ግን ከ1 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ ነው። ስለዚህ በጓንት በየዕለቱ ማንሣት ትልቁን አደጋ ይቀንሳል። በሚጠጣና ጥላ ባለው አፈር ውስጥ ተሕዋሱ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ አፈር የነካ እጅ ከምግብ በፊት በሳሙና መታጠብ አለበት። በሽታው ወደ ጽንስ ሊተላለፍ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ብትተው ይመረጣል፤ ምክንያቱንም ለአሠሪዋ ማስረዳት ተገቢ ነው። ያው ተሕዋስ በጥሬ ሥጋም ይተላለፋል። ድመቷን ፈርቶ ጥሬ ክትፎ የሚበላ ሰው አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ክፍት ትቷል።

የነከሰች ወይም የቧጨረች ድመት ስትኖር ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይያዛልና።

ድመቷ ባለቤት ካላት በቅድሚያ ጎረቤትን በጨዋ ቃል ማነጋገር ይቀላል። ባለቤት የሌላቸው ሲበዙ ደግሞ በዱባይ ለማዘጋጃ ቤቱ በ800900፣ በአቡ ዳቢ በ800555 ደውሎ ማሳወቅ ይቻላል። ድመቶቹን በመኪና ጭኖ በረሃ መጣል ጭካኔ ከመሆኑም በላይ ትርፍ የለውም፤ ምግብና ጥላው እስካለ ድረስ የለቀቁትን ቦታ ሌሎች ይይዙታል። የአንድ ጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ ድመት እንዳትወልድ ተደርጋ ወደ ሰፈሯ የተመለሰች ናት፤ ስለ እርሷ ዳግመኛ መደወል አያስፈልግም፣ መደቡን በሽቦ መሸፈን ይበቃል።