ከልጅዎ ጋር አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ? ልጁ ሲያድግ መኝታውም አብሮ መቀየር አለበት



ሰቆጣ ውስጥ ልጅ ሊያስከትቡ ከሚመጡ እናቶች አንድ ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። «ዶክተር፣ ማታ ማታ አጠገቤ ነው የሚተኛው፣ ችግር አለው?» አንዳንዷ ደግሞ ሳቅ እያለች ትጨምራለች፦ «አሁንማ አድጎ ሌሊቱን ሙሉ ይራገጣል። አልጋው አልበቃ ብሎን አባቱ መሬት ወርዷል።»

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የሕፃን አልጋ ግዢለት» የሚል ነው። አንድ ክፍል ተከራይታ ለምትኖር፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ በበሩ ስር ለሚገባባት እናት ግን ይሄ ብቻውን መልስ አይሆንም። ስለዚህ ዛሬ ባለን ቤትና ባለን መኝታ ምን ማድረግ እንደምንችል እንነጋገር።

👉 ባለሙያዎች ምን ይላሉ?

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሕፃን ቢያንስ እስከ 6 ወሩ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ግን በራሱ መኝታ ላይ እንዲተኛ ይመክራል። በጡት ማጥባት ላይ የሚሠሩ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ሌላ የታወቀ አደጋ እስከሌለ ድረስ ጡት የሚጠባ ሕፃን ከእናቱ ጋር መተኛቱ ብቻውን ለድንገተኛ ሞት እንደሚዳርገው ያሉት ጥናቶች አያሳዩም ብሏል።

ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር አለ። ደክሟት ሶፋ ላይ ወይም ወንበር ላይ እያጠባች እንቅልፍ የሚጥላት እናት፣ አስባበት አልጋዋን አዘጋጅታ ከምትተኛው የባሰ አደጋ ውስጥ ናት። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ የምትነሳ እናት እንቅልፍ መጣሉ አይቀርላትም። ስለዚህ «አልተኛም፣ እያጠባሁ ነቅቼ እጠብቃለሁ» ከማለት ቦታውን ቀድሞ ማዘጋጀት ይሻላል።

👉 የሚያሰጋው ምንድን ነው?

በእንቅልፍ ላይ የሚደርስ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት አብዛኛው ከ6 ወር በፊት፣ በተለይ ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይከሰታል። አሜሪካ ውስጥ በ1994 «ሕፃናትን በጀርባቸው አስተኙ» የሚል ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ ይህ ሞት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ምክር ነው፦ ቀንም ሆነ ሌሊት ሁልጊዜ በጀርባው!

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ሕፃን ተኝቶ ሲሞት ሰው መጀመሪያ ጣቱን የሚቀስረው እናት ላይ ነው፣ «ተጭናው ነው» ይላል። ምክንያቱ በምርመራም ያልተገኘ ድንገተኛ ሞት አለ። ሐዘን ላይ ያለችን እናት እባካችሁ በዚህ ቃል አትጉዷት።

❌ አንድ መኝታ ላይ አብሮ መተኛት የሌለበት

• ሕፃኑ ያለ ጊዜው ከተወለደ ወይም ሲወለድ ከ2.5 ኪሎ በታች ከነበረ
• እናት ወይም አባት ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ
• ጠላ፣ ጠጅ ወይም አረቄ የተጠጣበት ሌሊት ከሆነ (የክርስትናም ሆነ የበዓል ድግስ ቢሆን)
• እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ከተወሰደ፣ ለምሳሌ እንደ ትራማዶል ያለ የሕመም ማስታገሻ ወይም አንዳንድ የአለርጂ መድኃኒቶች
• መኝታው ሶፋ ከሆነ
• ሌላ ትንሽ ልጅ ከሕፃኑ ጎን የሚተኛ ከሆነ

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን «ታዲያ እንዴት እናሙቃቸው?» ካላችሁ፣ መልሱ የካንጋሮ እንክብካቤ ነው። ሕፃኑ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ በእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ በጨርቅ ይታሰራል፤ እናትም ከወገቧ ቀና ብላ ትደገፋለች። ይህ አጠገብ ለአጠገብ ከመተኛት ይለያል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ ተሠርቶ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ቶሎ ይህን እንክብካቤ ካገኙት ትንንሽ ሕፃናት በሕይወት የተረፉት እንደሚበልጡ አሳይቷል። አሠራሩን የጤና ባለሙያ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

✅ መኝታውን እንዴት እናዘጋጅ?

ጠፍር አልጋና ያረጀ ስፖንጅ ፍራሽ መሀሉ ይሰረጉዳል። ሕፃኑ ወደ እናቱ ይንከባለልና ፊቱ ይታፈናል። መደብ ግን ደልዳላና ጠንካራ ስለሆነ ለዚህ ሲታይ ጥሩ ነው። ችግሩ የምናነጥፍበት ነው፦ አጎዛ ለአዋቂ ይመቻል፣ ለሕፃን ግን ፀጉሩ አፍንጫውን ሊሸፍን ይችላል። አጎዛውን ለእናት፣ ለሕፃኑ ደግሞ ሁለት ጊዜ የታጠፈ፣ በደንብ የተወጠረ ብርድ ልብስ አድርጉ። ከጭንቅላቱ ስር ትራስ አያስፈልገውም።

አልጋውን ግድግዳ ላይ አስጠግቶ ሕፃኑን በግድግዳው በኩል ማስተኛት ብዙዎች የሚያደርጉት ነው። የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ግን ቀጥ ያለ ስላልሆነ ክፍተት ይኖራል፤ ሕፃን እዚያ ይሰነቀራል። በጣም የሚሻለው ሰሌን አንጥፎ፣ ጠንከር ያለ ፍራሽ መሬት ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጎ መዘርጋት ነው። ሕፃኑ በእናትና በአባት መሀል ሳይሆን በእናት በኩል ይተኛ። እናት በጎኗ ሆና ጉልበቷን ወደ ሕፃኑ እግር ስር አጥፋ፣ ክንዷን ከጭንቅላቱ በላይ ብታደርግ ወደ ታችም ወደ ላይም አይንሸራተትም።

ብርዱስ? ጋቢና ቡልኮ ሁለታችሁን በአንድ ላይ አይሸፍን። እናት ከላይ ሹራብ ለብሳ ጋቢውን እስከ ወገቧ ብቻ ትልበስ፤ ሕፃኑ በራሱ ልብስ ይሙቅ፣ ከአዋቂ አንድ ድርብ ቢጨመርለት ይበቃዋል። ሙቀቱን ለማወቅ እጁን ሳይሆን አንገቱን ወይም ሆዱን ዳስሱ። ላብ ካለው በዝቶበታል፣ ቀንሱለት።

ከሰል የሚነድበት ክፍል ውስጥ አትተኙ! ቡና የተፈላበት ምድጃ ቢጠፋ እንኳ ፍሙ እስኪሞት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ሽታ የለውም፣ ቤተሰብ ሙሉ ይዞ ይሄዳል። ከመተኛታችሁ በፊት ወደ ውጭ አውጡት።

👉 በክትባት ቀጠሮው አስታውሱት

45ኛ ቀን እስከ 3 ወር ተኩል፦ በጣም መጠንቀቅ ያለብን ጊዜ ይህ ነው። ከቻላችሁ ክንድ በሚደርስበት ርቀት የራሱ ትንሽ መኝታ ይኑረው። የኒውዚላንድ ማኦሪዎችም እንደኛው ከልጅ ጋር መተኛት ባህላቸው ነው። ሐኪሞች «ተዉት» ብቻ ከማለት፣ ዋሃኩራ የሚባል ከተክል ቅጠል የተሠራ ዝቅተኛ የሕፃን ቅርጫት ወላጆች አልጋ ላይ እንዲያስቀምጡ አበረታቱ። ፊንላንድም ከ1938 ጀምሮ ለእናቶች የምትሰጠው የካርቶን ሳጥን ፍራሽ ተደርጎበት ለመኝታ ያገለግላል። መሶብና ሰፌድ የሚሰፋ እጅ ባለበት አገር ግርጌው ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነ ቅርጫት ማሠራት አያቅተንም።

ከ3 ወር ተኩል እስከ 6 ወር፦ መገልበጥ ይጀምራል። መጠቅለል ይቁም፣ ምክንያቱም እጁ የታሰረ ሕፃን ቢደፋ መመለስ አይችልም። ቅርጫቱም እዚህ ላይ ያበቃል።

ከ6 እስከ 9 ወር፦ ይድሃል፣ ከአልጋም ይወድቃል። ከፍ ያለ አልጋ ላይ ብቻውን አይተው። በትራስ ማጠር አይሠራም፣ ወይ ይሻገረዋል ወይ ይታፈንበታል። የመሬት ፍራሽ ጥቅሙ አሁን ይታያችኋል።

ከ9 እስከ 15 ወር፦ ይዞ ይቆማል። ኩራዝ፣ ሻማ፣ የስልክ ቻርጀር ገመድና መድኃኒት ከመኝታው ይራቁ። ከእናንተ ፍራሽ ጎን የራሱን ትንሽ ፍራሽ አንጥፉለት። እንቅልፍ ሲወስደው እዚያ ይሁን፣ ሌሊት ከነቃ አባት ይደባብሰው። በመጀመሪያው ሳምንት ያለቅሳል፣ ቀስ በቀስ ይለምዳል።

ከ15 ወር በኋላ፦ ሌላ ልጅ ካረገዛችሁ፣ ትልቁን ከመውለዳችሁ ሁለት ወር ያህል ቀድማችሁ ወደ ራሱ መኝታ አውጡት። በአራስነት ሰሞን ከተባረረ «ሕፃኑ ቦታዬን ወሰደብኝ» ይላል፤ በአንድ መኝታ ከአራስ ሕፃን ጋር ማስተኛቱም አደገኛ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ4 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን የቀኑን ጨምሮ ከ12 እስከ 16 ሰዓት መተኛት አለበት ይላል። ሌሊት መንቃቱ ግን የጤና ነው፣ ወተትሽ አንሶታል ማለት አይደለም።

🚨 ቶሎ ወደ ጤና ተቋም

ወድቆ ራሱን ከሳተ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውሃ ከወጣ አትጠብቁ። ከ3 ወር በታች ከሆነ ምንም ምልክት ባይኖርም ይታይ። ሳይወድቅም ቢሆን መጥባት እምቢ ካለ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ እንዲሁ።

ይህን ያነበባችሁ፣ ስልክ ለሌላት ጎረቤታችሁ ንገሯት። አራስ የሚጠይቁ አያቶች ደግሞ ከሁላችን በላይ ይሰማሉና፣ በኽምጣና የሚያወሩትን በኽምጣና አስረዷቸው። ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ ለመቀየር ከፈለጋችሁ፦ በጀርባው አስተኙት፣ ከሰሉንም አውጡ።

ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ለሌሎች እናቶችም አጋሩ። መልካም እንቅልፍ ለእናትም ለልጅም!