ልጆቻችን የት ይጫወቱ?

እስቲ ለአፍታ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችሁ ግቢ ልመልሳችሁ። የዕረፍት ደወል ሲደወል (ደወል ስል ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ በብረት የሚመታውን የመኪና ቸርኬ ማለቴ ነው) ቀድማችሁ የምትሮጡት ወዴት ነበር? ወደ ሰኞ ማክሰኞ ነው ወይስ ወደ ብይ? መሐረቤን ያያችሁ ለመጫወት ክብ ሠርተው ከሚቀመጡት መካከል ነበራችሁ ወይስ ሱዚ ከሚዘሉት?

እኔ ያደግሁት በሰበታ ነው። በእኛ ጊዜ ትምህርት በፈረቃ ስለነበር የቀኑ እኩሌታ የጨዋታ ነበር ማለት ይቻላል። የሚገዛ ነገር ግን ብዙም አልነበረም። ለሰኞ ማክሰኞ መሬቱን በእንጨት መጫርና አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ መፈለግ ይበቃል። ድንጋዩን ወርውሮ በአንድ እግር ከሳጥን ወደ ሳጥን መዝለል ነው፤ መስመር የነካ «ተቃጠልክ!» ይባላል። ቅልብልቦሽ አምስት ጠጠር ብቻ ይፈልጋል፤ አንዷ አየር ላይ ሳለች የቀሩትን ከመሬት አፍሶ እሷንም መቅለብ። ኳሱ በጨርቅ የተጠቀጠቀ አሮጌ ካልሲ ነው። ገበጣ ለሚወድ ደግሞ ጉድጓዱን እዚያው መሬት ላይ መቆፈር ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣና መሰሎቹ ብቻ ራሱን የቻለ ጥናት አሳትመዋል፤ እኛ ያን ያህል የሚያስጽፍ ነገር እየተጫወትን እንደሆነ መች አወቅን!

ከሁሉ በላይ የማስታውሰው ግን ዳኛ እንዳልነበረን ነው። አንዷ «መስመር ነክተሻል» ትላለች፣ ሌላዋ «አልነካሁም» ትላለች። መምህሩ ጋ የሚሄድ የለም፤ ቢሄድም መምህሩ ሻዩን እየጠጣ ነው። ዕረፍቱ አጭር ስለሆነ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ደወሉ እስኪደወል መጨቃጨቅ ወይም «በቃ ይደገም» ብሎ መቀጠል። አብዛኛውን ጊዜ ይደገም ነበር። ደግሞ ግማሾቻችን እቤታችን የምንናገረው አፋን ኦሮሞ፣ ግማሾቻችን አማርኛ ነበር። ተራ ለመያዝም ሆነ ለመከራከር የሌላውን ቋንቋ ማወቅ ግድ ይል ስለነበር ማንም ሳያስተምረን ሁለቱንም ለመድን።

ከባለቤቴ ጋር ሆነን ባለትዳሮችን ስናነጋግር ያ «ይደገም» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ባል ትክክል ነኝ ይላል፣ ሚስት ትክክል ነኝ ትላለች፤ ሁለቱም ዳኛ ፍለጋ እኛ ጋ መጥተዋል። ሰኞ ማክሰኞ የተጫወተ ሁሉ መልካም ባል ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ በብይ ሲያጭበረብሩ ያደጉም እንዳሉ አውቃለሁ። ነገር ግን መሸነፍን በሰባት ዓመቱ በጠጠር ያልተለማመደ ሰው በሠላሳ ዓመቱ በትዳሩ ውስጥ ሲለማመደው ዋጋው ይወደዳል።

ዛሬስ? ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከዚያ ቀደም ብሎም ከአዲስ አበባ የሚወጣው ሕዝብ ሲበዛ ሜዳዎቹ አንድ በአንድ ቤትና አጥር ሆነዋል። በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መንገዶች ላይ ሲኖትራክ ሲያልፍ እያየ ልጁን ወደ ውጭ የሚለቅ ወላጅ የለም፤ ማንም ሊፈርድበት አይችልም። በየሰፈሩ የተከፈቱት የግል ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ በኪራይ መኖሪያ ቤት ውስጥ ስለሆኑ ግቢያቸው ሲሚንቶ ነው፤ ሲጠብ ደግሞ «መሮጥ ክልክል ነው» ይባላል። ልጁ እቤት ሲመለስ የሚጠብቀው ስልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ስክሪን ፊት ተቀምጠው የሚያሳልፉት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉት በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን በደንብ እንዲያንቀሳቅሱ መክሯል።

በጠባብ ቤትም የማይጠፋ አንድ ጨዋታ አለ፤ ዕቃቃ። ባለትዳሮች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ዕቃቃ ሲጫወቱ ቡናችሁን ይዛችሁ ጠጋ በሉና ስሙ። በቅርቡ ልጠይቅ የሄድኩበት ቤት «እናት» የሆነችው የአምስት ዓመት ልጅ የቅጠል እንጀራ አቅርባ «ምሳ ቀርቧል» አለች። «አባት» የሆነው ወንድሟ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ የሳሙና ካርቶን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ይገፋል። ሦስት ጊዜ ጠራችው። በመጨረሻ ራሷ ምግቡን አንስታ «እኔም አልበላም» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። ወላጆቻቸው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እናትየው ሳቀች፤ አባትየው ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

ሜዳ የለም ካልን ዘንድ አንድ ነገር ልጠቁም። በእነዚህ ከተሞች የብዙዎቹ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ግቢ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አብዛኛውን ሰዓት በሩ ተቆልፎ ይውላል። አጥር አለው፣ ጥበቃ አለው፣ መኪና አይገባበትም። ከትምህርት ቤት መልስ ለሁለት ሰዓት ለሰፈሩ ልጆች ቢከፈትስ? መርሐ ግብርም፣ ድምፅ ማጉያም፣ መዝሙር ማስጠናትም ሳይኖር፤ አንድ ትልቅ ሰው ጥግ ይዞ ቢቀመጥ ይበቃል። የአባል ልጅ፣ የአባል ያልሆነ ልጅ ሳይባል። ነቢዩ ዘካርያስ የኢየሩሳሌምን ተሃድሶ ሲናገር (8፥5) ከምልክቶቹ አንዱ አድርጎ ያነሣው በአደባባይ የሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆችን ነው፤ ሲዘምሩ አላለም።

ሽማግሌዎች ወንበርና መስኮት ይሰበራል እንደሚሉ አውቃለሁ። በካልሲ ኳስ የተሰበረ መስኮት ግን እስካሁን አላየሁም። ለመጀመር የሚያስፈልገው ጠመኔ፣ ጥቂት ጠጠርና ሁለት ሜትር ላስቲክ ነው። ሕጉን የረሳችሁ እንደሆነ የሴቶች ኅብረት እናቶችን ጠይቁ፤ ከእነሱ መካከል ለማሳየት ነጠላዋን አደግድጋ የማትነሣ አትጠፋም። ሱዚው ላይ ብቻ ከጉልበት በላይ ያለውን ለልጆቹ ተዉላቸው።