ስለ ማማና ስለ ገመድ

በሐዋሳ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ተቀምጠን በችሎት ጽሕፈት የምንሠራ እኛ፥ ከዛፍ ወድቆ የሞተ የማር ቆራጭ ልጆች ወራሽነታቸው እንዲታወቅ ሲያመለክቱ መዝገቡን ጽፈናል። ስለዚህ ዛፍ ለሚወጣ ሰው ቤተ ሰብ የሚጠቅም ነገር ከሩቅ አገር እናመጣለን።

በሰሜን አሜሪካ አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች በዛፍ ላይ ማማ አቁመው ያደቡ ነበር፤ ዛሬም የሚያደቡ አሉ። ነገር ግን ከማማ እየወደቁ ብዙዎች ተሰብረዋል፤ የሞቱም አሉ። አያሌዎቹም ማማውን ትተው፥ ኮርቻ ብለው የሚጠሩትን ወገብና ጭን የሚይዝ የጠፍር መቀመጫ ታጥቀው በገመድ ከግንዱ ጋራ ይታሰራሉ። ቀላል ነውና በከረጢት ይያዛል፤ አዳኙም በግንዱ ዙሪያ እንደ ልቡ ይዞራል።

ገመድ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። ከሐዋሳ በስተ ምሥራቅ፥ በባሌ በሐረና ደን፥ ቀፎ ሰቃዮች ረዥሙን ዛፍ የሚወጡት በገመድ ነው።

ሆኖም ኮርቻውም ቢሆን ከላይ ከደረሱ በኋላ ብቻ ቢታሰር አያድንም፤ ሰው ሲወጣና ሲወርድም ይወድቃልና። ገመዱ እግር ከመሬት ሳይነሣ ይታሰር፤ ተመልሶ መሬት እስኪረገጥም አይፈታ። የተበላ ገመድ ይጣል።

እናቶች ሆይ፥ ወደ ደን የሚሄደውን ስትሸኙ ከስንቁ ጋራ ገመዱንም መርምሩ። እንዲህ ያለ መዝገብ ዳግመኛ ባንጽፍ ደስታችን ነው።