በወራጅ ውኃ ላይ ዘንግ መወርወርን ስለ መማር

ዓሣ ማጥመድ ለብዙ ሕዝብ የምግብ ማግኛ ሥራ፥ ለሌላውም ዕረፍትና ጨዋታ መሆኑ የታወቀ ነው። ከአጠማመዱ ዓይነቶች መካከል ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቀውና ወላጅ ከልጁ ጋራ ሊማረው የሚገባው፥ በላባና በክር ዝንብ አስመስለው የሠሩትን መንጠቆ በወራጅ ውኃ ላይ እየወረወሩ የሚያጠምዱበት ጥበብ ነው። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ስለዚሁ ጥበብ አጀማመር፥ ስለ አወራወሩ ሥርዐት፥ በወንዝ ውስጥ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄና ስለ አስተማሪው ጠባይ በአጭሩ እንጽፋለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንቈጥረው በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ይህ ጥበብ የትናንት ፈጠራ አይደለም። ከአሥራ ስምንት መቶ ዓመት በፊት ገደማ የነበረው ሮማዊው ጸሐፊ ኤልያኖስ፥ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፥ ከአውራ ዶሮ አንገት የተነቀለ ሁለት ላባ ጨምረው ዓሣ ያጠምዱ እንደ ነበረ ጽፏል። በእንግሊዝ አገር በ1496 ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚያስተምር ድርሰት ታትሞ፥ የአሥራ ሁለት ዓይነት ሰው ሠራሽ ዝንብ አሠራር ተዘርዝሮበታል። ኢዛክ ዋልተን በ1653 ያሳተመው ስመ ጥሩ መጽሐፍም በ1676 እንደ ገና ሲታተም፥ ወዳጁ ቻርልስ ኮተን በጠራ ወራጅ ውኃ ውስጥ በዝንብ ስለ ማጥመድ የጻፈው ክፍል ተጨመረበት። በ1890 ደግሞ ፍሬድሪክ ሃልፎርድ የተባለው እንግሊዛዊ፥ በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ዝንቦችን በአሜሪካ አገር ለነበረው ለቴዎዶር ጎርደን በደብዳቤ ላከለት። ጎርደንም የሃልፎርድ ወንዝ ዝግ ብሎ የሚወርድ፥ በኒው ዮርክ ግዛት ያሉት የካትስኪል ተራሮች ወንዞች ግን በድንጋይ መካከል እየተንደረደሩ የሚወርዱ መሆናቸውን ተመልክቶ፥ ዝንቦቹን ለአገሩ ውኃ እንዲስማሙ አድርጎ ሠራቸው። እንግዲህ የዚህ ሥራ የመጀመሪያው ትምህርት የሚማሩበትን ውኃ ማወቅ እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

የአወራወሩ ምሥጢር በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው። በሌላው አጠማመድ በክሩ ጫፍ ያለው እርሳስ ወይም ምግብ ከባድ ስለ ሆነ ቀጭኑን ክር እየሳበ ይሄዳል። ሰው ሠራሹ ዝንብ ግን ከላባ እምብዛም የማይበልጥ ክብደት ስላለው በእጅ ቢወረውሩት ከእግር ሥር ይወድቃል። ስለዚህ የሚወረወረው ገመዱ ነው፤ ዝንቡም ገመዱን ተከትሎ ይሄዳል። ዘንጉ ብዙውን ጊዜ 9 ጫማ፥ ማለት 2 ሜትር ከ70 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት አለው። ገመዱ 27 ሜትር ያህል ሲሆን፥ በጫፉ ላይ ዓሣ በቀላሉ የማያየው ቀጭን ክር ይታሰርበታል። ቀድሞ ዘንጉ ከቀርከሃ ስድስት ስንጥር ተጣብቆ፥ ገመዱም ከሐር ተገምዶ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ዘንግ ከካርቦን፥ ገመዱም ፕላስቲክ ለብሶ ይሠራል። መሣሪያው ይለወጥ እንጂ የእጁ ሥራ አልተለወጠም።

የአገራችን ልጆች በቡሄ ጅራፍ ሲያጮኹ ያየ ሰው ነገሩን ፈጥኖ ይረዳዋል። ጅራፍ የሚጮኸው ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ጫፉ በብርቱ ፍጥነት ሲታጠፍ ነው። ለባለ ጅራፉ ያ ድምፅ ደስታው ነው፤ ለባለ ዘንጉ ግን የጥፋት ምልክት ይሆንበታል። ይህስ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ገመዱ ከኋላው ተዘርግቶ ሳያበቃ ወደ ፊት የቸኮለ ሰው ጫፉን እንደ ጅራፍ ያጮኸዋል፥ ዝንቡም ከክሩ ተበጥሶ ይጠፋል።

ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን ወደ ወንዝ መሄድ አያስፈልገውም። በሰፊ ሜዳ ላይ ቆሞ፥ በመንጠቆው ፈንታ ጥቂት የሱፍ ክር አስሮ፥ 8 ወይም 9 ሜትር ገመድ ከፊቱ ዘርግቶ ይጀምር። አውራ ጣቱን በእጀታው ላይ አጋድሞ ዘንጉን ይያዝ፥ ነገር ግን አጥብቆ አይጨብጠው። የዘንጉን ጫፍ ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ ማንሣት ይጀምር፥ እያፈጠነ ይሂድ፥ ዘንጉ ከትከሻው ጥቂት እንዳለፈ በድንገት ያቁመው። በዚህ ጊዜ ጐብጦ የነበረው ዘንግ ሲቃና ገመዱን ወደ ኋላ ይሰደዋል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሥራ መጠበቅ ነው። ገመዱ ከኋላው ቀጥ ብሎ እስኪዘረጋ ድረስ ዘወር ብሎ በዐይኑ ይከተለው፤ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው እያፈጠነ ወደ ፊት አምጥቶ ያቁመው። ገመዱም በጠባብ ቀለበት እየተተረተረ ሄዶ በሣሩ ላይ በቀስታ ይተኛል።

ገመዱ በረዘመ ቍጥር የሚጠበቀውም ጊዜ ይረዝማል። ብርቱ ክንድ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ከሕፃን ልጅ ይልቅ ለመማር የሚቸገረው፥ ያልሆነለትን ሁሉ በኀይል ሊያቃና ስለሚሞክር ነው። ኀይሉ ሲጨመር ዘንጉ ሰፊ ቅስት ይሠራል፥ ቀለበቱም ይሰፋል፥ ገመዱም ከፊቱ ተዝረክርኮ ይከመራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ተረት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

በሜዳ የተማረ ሰው ወንዝ ዳር ሲደርስ ሌላ ትምህርት ይጠብቀዋል። ሜዳው በቦታው የረጋ ነው፤ ወንዙ ግን በአንድ ስፍራ ብዙ ዓይነት ፍጥነት አለው። በመካከል ይፈጥናል፥ በዳርና ከትልልቅ ድንጋይ በስተኋላ ያዘግማል። ወርዋሪው በቅርቡ ቆሞ ዝንቡን በማዶ ባለው ዝግተኛ ውኃ ላይ ባሳረፈ ጊዜ፥ በመካከል ያለው ፈጣን ውኃ የገመዱን ሆድ ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ዝንቡም በገመዱ እየተሳበ ከተሸከመው ውኃ ፈጥኖ ይሮጣል። እውነተኛ ዝንብ በውኃ ላይ ሲወድቅ ከውኃው ጋራ እኩል ስለሚወርድ፥ ትራውት የተባለው ጠንቃቃ ዓሣ ይህን ሩጫ አይቶ ይሸሻል። ስለዚህ እጅግ ያማረ ውርወራ ስንኳ ውኃው ከያዘው በኋላ በሁለትና በሦስት ቅጽበት ከንቱ ሊሆን ይችላል።

ለዚህም ሦስት መድኀኒት አለው። አንደኛው፥ ገመዱ ውኃው ላይ እንዳረፈ የዘንጉን ጫፍ አንሥቶ የገመዱን ሆድ ወንዙ ወደሚመጣበት ወገን ገልብጦ ማሳረፍ ነው፤ ይህም ውኃው ገመዱን እስኪወስድ ድረስ ለዝንቡ ዕድሜ ይጨምርለታል። ሁለተኛው፥ ገመዱን አወጣጥሮ ከመጣል ይልቅ በውኃው ላይ እየተጠማዘዘ እንዲወድቅ ማላላት ነው፤ ውኃው ጥምዝማዙን እስኪያቃና ዝንቡ በነጻነት ይወርዳል። ሦስተኛው፥ ከመወርወር በፊት ቦታን መለወጥ ነው። ዓሣው ምግቡ ወደሚመጣበት ወደ ላይኛው ወገን ፊቱን አቅንቶ ስለሚቆም፥ ከበስተኋላው ከታችኛው ወገን የሚቀርበውን ሰው ቶሎ አያየውም። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ማለት አንዳንድ ጊዜ ከአሥር ውርወራ ይበልጣል።

አሁን የምንጽፈው ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባውን ነገር ነው። ወራጅ ውኃ ሲያዩት ከሚመስለው ይልቅ ብርቱ ነው። የውኃው ፍጥነት እጥፍ በሆነ ጊዜ እግርን የሚገፋው ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጀማሪ ከጉልበቱ በላይ ወደ ውኃ አይግባ፥ ልጅም ያለ ተንሳፋፊ ሰደርያና ያለ ታላቅ ሰው አይግባ። በውኃ ውስጥ የሚሄድ ሰው በትር ይያዝ፤ ጐኑን ለውኃው ሰጥቶ፥ እግሩን ሳያነባብር፥ አንዱን ሳያጸና ሌላውን ሳያነሣ ይራመድ። ቢወድቅ በፈጣን ውኃ ውስጥ ተነሥቶ ለመቆም አይታገል፤ እግሩ በድንጋይ መካከል የተያዘ እንደ ሆነ ውኃው አጐንብሶ ያሰጥመዋልና። በጀርባው ተንጋሎ፥ እግሩን ወደ ታችኛው ወገን አስቀድሞ፥ ዝግ ያለ ውኃ እስኪያገኝ ይንሳፈፍ። ዐይን በመንጠቆ እንዳይወጋ መነጽርና ባርኔጣ ማድረግ፥ የመንጠቆውንም እሾህ በጉጠት መጨፍለቅ መልካም ነው። ካርቦን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስለ ሆነ፥ ነጐድጓድ ሲሰማ ዘንጉን ማስቀመጥ፥ በኤሌክትሪክ ሽቦም ሥር ከመወርወር መራቅ ያስፈልጋል።

ስለ አስተማሪው ጠባይ ምሳሌ የሚሆነን የወይዘሮ ጆን ዉልፍ ታሪክ ነው። እኒህ ሴት በ1926 በአሜሪካ አገር በኒው ጀርሲ ግዛት ተወለዱ። በልጅነታቸው አባታቸው በጀልባ ላይ ሆነው ሲያጠምዱ እናታቸው ይቀዝፉ ነበርና፥ ጀልባው ከተገቢው ቦታ ባለፈ ጊዜ ወቀሳው በእናታቸው ላይ ሲወርድ አይተው፥ ከቀዛፊነት አጥማጅነት ይሻላል ብለው አሰቡ። የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ የአባታቸውን ዘንግ ወስደው ከኩሬ ዳር ሲወረውሩ፥ በደንብ ያልተገጠመው የዘንጉ ጫፍ ተፈናጥሮ ውኃ ውስጥ ገባ፤ ጐረቤትም በረጅም መቧጠጫ ፈልጎ አወጣው። አባታቸው ይህን በሰሙ ጊዜ ልጃቸውን በመቅጣት ፈንታ ወደ ውርወራ ማኅበር ወስደው እንዲማሩ አደረጉ።

የዚያ ቀን ውሳኔ ያፈራውን ፍሬ ከዚህ ቀጥሎ እንመልከት። ወይዘሮ ጆን ከ1943 እስከ 1960 ባለው ጊዜ በአገራቸው የውርወራ ውድድር ብዙ ጊዜ አሸነፉ፤ በ1951 ተወዳዳሪዎቹ ሌሎች ሁሉ ወንዶች በነበሩበት የርቀት ውድድር አንደኛ ወጡ። በ1960 ደግሞ 161 ጫማ፥ ማለት 49 ሜትር ያህል ወረወሩ። ይህም ርቀት የተገኘው በጊዜ አጠባበቅ እንጂ በክንድ ብርታት ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። በኋላም ከባላቸው ከሊ ዉልፍ ጋራ በካትስኪል ተራሮች በቢቨርኪል ወንዝ አጠገብ ትምህርት ቤት ከፍተው ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ በ1987 ባሳተሙት መጽሐፍም የአወራወሩን እንቅስቃሴ እያንዳንዱን ከፍለው በግልጽ ቃል አስረድተዋል።

ይህ ትምህርት ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ተለቋል፤ ከነዚህም አንዱ በዲንሾ በኩል አልፎ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ የሚወርደው የዌብ ወንዝ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ቤተ ሰብ አስቀድሞ ከብሔራዊ ፓርኩ ሹሞች ፈቃድ ይጠይቅ፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላም ከዳር አይቅረብ።

በመጨረሻ ለወላጆች የምንመክረው ይህን ነው። ልጅዎ ገመዱን በዛፍ ላይ ቢሰቅል፥ ክሩን ቢያወሳስብ፥ የዘንጉን ጫፍ ቢሰብር፥ ከመቈጣትዎ በፊት ገመዱ ከኋላ እስኪዘረጋ የሚጠበቀውን ያህል ጊዜ ይታገሡ። የተሰበረ ዘንግ በገንዘብ ይተካል። ተቈጥተውት ዳግመኛ ዘንግ ለመንካት የፈራ ልጅ ግን ወደ ወንዙ ዳር ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል።